ቀላዋጩ መልእክት

ልብስ ሰፊዋ፣ ሴት ልጇ ለመውለድ ሆስፒታል ገብታባት፣ ስልኳን ከስፌት መኪናው አጠገብ አድርጋ ትጠባበቃለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ስፌቱን ትታ ታነሳዋለች፤ የሚመጣው ግን «የሽልማታችን ዕድለኛ ነዎት» የሚል የማስታወቂያ መልእክት ነው። ዕድለኛ ካደረጓት ዓመት አለፈ፤ እስካሁን የሸለሟት ራስ ምታት ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ወንድሟ «አቁሙ ብለሽ ላኪላቸው» ብሏት ላከች። የነገሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች፣ ሥራቸው ሥራ ከተባለ፣ መልእክቱን እንደ ገለባ ይበትኑታል እንጂ በየትኛው ስልክ ላይ ሰው እንዳለ አያውቁም። «አቁሙ» ያለ ሰው «አለሁ፣ አነባለሁም» ማለቱ ነው። በማግስቱ እጥፍ ሆኖ መጣላት።

ወንድሟ ግን አላፈረም። ትናንት ስልኳን ተቀብሎ፣ ስልኩ ላይ ያልተመዘገበ ቁጥር ሁሉ እንዳይገባ ዘጋላት።

«በቃ እህቴ፣ ተገላገልሽ።»

አልተገላገለችም። ማስታወቂያው የሚመጣው በድርጅት ስም እንጂ በቁጥር ስላልሆነ መዝጊያው አይነካውም።

እኩለ ቀን ላይ የልጇ ባል እያለከለከ ገባ።

«እማማ፣ የሁለታችንም ስልክ ባትሪ ጨርሶ በነርሷ ስልክ ስንደውልልዎ አረፈድን። ዝግ ነው ይላል። ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

እልል ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ፤ ዛሬም ዕድለኛ ናት።

«ይሄ መዝጊያ ልጄን በር ላይ አቁሞ ቀላዋጭ ያስገባል» አለችና ስልኩን የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ወርውራ አማቿን ተከትላ ወጣች።