መዳቡና ወተቴ

የመጀመሪያ ልጄን በስምንት ወሩ ጡት ያስጣልኩት ወድጄ አይደለም፤ ሁለተኛዋን አርግዤ ነው። ጡቴን ፍለጋ ደረቴን ሲቧጥጥ የነበረው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴቷ ስትወለድ ታዲያ ማልኩ፤ ይቺ እስኪበቃት ትጠባለች አልኩ። የአርባ አምስት ቀን ክትባቷን ላስወጋ አሰላ ጤና ጣቢያ የሄድኩ ዕለት ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ፣ ሉፑን አስገባሁ። ነርሷ፣ «መዳብ ነው፣ ሆርሞን የለውም፤ ወተትሽን አይነካም። ሊቆርጥሽ፣ የወር አበባሽም ሲመለስ ሊበዛብሽ ይችላል» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ቁርጠቱን ሳምንት ሙሉ ቀመስኩት።

ጥፋቴ ለአማቴ መንገሬ ነው። አዮ እንላቸዋለን፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ሲሬ አካባቢ ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ዘንድ ወተት ብረት ከነካው አለቀለት፤ ጮጮ ከሚሉት ስፌት የወተት ዕቃ በቀር፣ ያውም በደንብ ታጥኖ፣ በሌላ አያስቀምጡም።

«መዳብ ውስጥሽ ተቀምጦ ወተትሽ እንዴት ደህና ይሆናል?» አሉኝ።

«አዮ፣ እሱ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው፤ ወተቱ ጋ አይደርስም» ብል ማን ሰምቶኝ። ልጅቷ ካለቀሰች ወተቱ ነው። ካስመለሳትም ወተቱ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስገባ የላም ወተት በስኒ ሊግቷት ሲሉ ደረስኩ። መንጭቄ ታቀፍኳት። ድምፄን በእሳቸው ላይ ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ።

«ልጄን ከጡቴ አይንጠቁብኝ። ለሦስት ወር ተኩሉ ክትባት እስክንሄድ ይታገሱኝ። ክብደቷ ካልጨመረ በገዛ እግሬ ሄጄ አስወጣዋለሁ።»

እሺ አሉ። እኔ ግን ልቤ ፈራ። ነርሷ ተሳስታ ቢሆንስ?

ቀኑ ሲደርስ አዮ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቀድመው ቆሙ። በአርባ አምስት ቀኗ አራት ኪሎ ተኩል የነበረችው ልጄ ስድስት ኪሎ አለፈች። አዮ አላመኑም፤ ልብሷን አስወልቀው፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አስመልሰው እንደገና አስመዘኗት። አሁንም ስድስት አለፈች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ እዚያው እልል ማለት አማረኝ። አዮ ቀደሙኝ። ልጅቷን ከፍ አድርገው ወረፋ ለያዙት ሴቶች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «የምራቴ ወተት ነው እንዲህ ያወፈራት! መዳቡም ውስጧ አለ!» ብለው ጉዴን ለአገር አወጁት። አፈርኩም፣ ኮራሁም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘጠኝ ወልጃለሁ» አሉኝ። «ከመጨረሻው በቀር አንዱንም እስኪጠግብ አላጠባሁም። ሁልጊዜ ሌላው ይደርስበታል።» እጃቸውን ያዝኩ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠባች። ጡት ያስጣልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ልጅ መጥቶባት አይደለም።