አይለመደኝም

ካሳዬ በሰው አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን በሚበዛ ቢልዲንግ ውስጥ ይኖር ነበር። እንጀራው የአረጋውያን መጦሪያ ኪችን ውስጥ ሳህን ማጠብ ነው፤ ግን ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "ሰው አስታርቃለሁ" ነበር የሚለው። ውሸቱንም አይደለም። ሐበሻ በሚበዛበት ዳንፎርዝ አካባቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ተከራይ ካከራይ ሲኮራረፍ፣ መጀመሪያ ኮል የሚደረገው ለጋሽ ካሳዬ ነው። ዘዴው አንዲት ናት። ያጠፋው ማነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቀድሞ ይቅርታ የሚለው ማነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንድ ቀን ወጡን ራሱ አሳርሮ፣ ሚስቱ ይመኙሻል ይቅርታ ጠይቃው ምሳ በልተዋል።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ብርዱ አልለቅ ባለበት መጋቢት፣ ከልጁ ከኤፍራታ ትምህርት ቤት ተደወለ። ኤፍራታ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የአንዲት ተማሪ ስልክ ጠፍቶ እሷ ሎከር፣ ደብተር የምትቆልፍበት ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል። ሎከሩን ከጓደኛዋ ጋር ነው የምትጋራው፤ ስልኩንም ያስቀመጠችው ጓደኛዋ ናት። ይህን ለአባቷ እያለቀሰች ነገረችው። እሱም አመናት። ባያምናት ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

ትምህርት ቤቱ የጠራው ፖሊስ ጣቢያ ይዘሃት ና ሲለው ካሳዬ የሠርግ ኮቱን ለበሰ። አውቶብስ ውስጥ ልጁን መከራት። እንዳልወሰደች እሱ ያውቃል፤ ፖሊሱ ግን አያውቅም። አንገቷን ደፋ አድርጋ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ትበል፤ በቃ፣ ያልቃል። እሱ ባደገበት ሰፈር ያላጠፋ ልጅም አይለመደኝም ይላል። ቀበቶው ከፍ ሲል ይላል፤ ያኔ ቀበቶው ይወርዳል። ካሳዬ ራሱ ስንት ጊዜ ባልቃመው ስኳር አይለመደኝም ብሎ ነው ያደገው።

"አላደረግኩም እኮ፣ አባ።"

"ይቅርታ ምን ያጎድልብሻል?"

ፖሊሱ ደህና ሰው ነበር። ውሃ ሰጣት፤ የሚቀርጻት ካሜራ የት እንዳለ አሳያት። ከዚያ በስልክ አስተርጓሚ ቀስ ብሎ አስረዳ። ምንም መናገር አይጠበቅብሽም፤ የምትናገሪው ኮርት ሊቀርብብሽ ይችላል፤ ከፈለግሽ ጠበቃ አሁኑኑ በስልክ ታናግሪያለሽ፣ በነጻ ነው። ካሳዬ በሆዱ ሳቀ። ልጅ ዝም እንድትል የሚመክር ፖሊስ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ጠበቃ የወንጀለኛ ነው፣ እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው አለ። ፖሊሱ እሱን ትቶ ልጅቱን ጠየቃት። ኤፍራታ አባቷን አየች። አባቷ በዓይኑ እምቢ በይ አላት። አልፈልግም አለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አላደርገውም ብላ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረች።

ካሳዬ ኮራባት። የፖሊሱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሲወጡ ዶናት ገዛላት፤ አልበላችውም።

እርቁ ክስ ሆኖ መጣ። ኮርት የቀረቡ ቀን ለልጆች በነጻ የምትቆም አንዲት ወጣት ጠበቃ አገኙ። ጠበቃዋ ካሳዬን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ኤፍራታን ለብቻዋ አነጋገረች። ካሳዬ ሰው ሲነጋገር ከበር ውጭ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። በኋላ ጠርታው የጣቢያውን ቪዲዮ እንዳየችው ነገረችው።

"ምነው ያን ቀን በደወላችሁ? ዝም በይ እላት ነበር። ሎከሩ የሁለት ልጆች ነው፣ ሌላ ምንም ማስረጃ አልነበራቸውም። አሁን ግን በራሷ አፍ ተናግራለች።"

መንገዱ ሁለት ሆነ። አንዱ ወራት የሚፈጅ ክርክር ነው፣ ያ ቪዲዮ ሰው ፊት እየታየ። ሌላው ክርክር የለውም፤ ትንሽ የበጎ ፈቃድ ሥራ ትሠራለች፣ ክሱ ይነሳል። ግን አድርጌያለሁ ብላ መቀበል አለባት። ጠበቃዋ ካላደረግሽው አትቀበይ፣ እንከራከር ብላ ለመነቻት። ካሳዬ አፉን ሊከፍት ሲል ልጁ ቀደመችው።

"ወስጃለሁ" አለች። ወደ እሱ ሳትዞር፣ "ይቅርታ ምን ያጎድልብኛል?"

ክሱ ተነሳ። ትምህርት ቤት ውስጥ የወጣላት የሌባ ስም ግን አልተነሳም። ለአባቷ በአማርኛ መመለስ ተወች፤ "ፋይን" ብቻ። አሥራ ስምንት ሲሞላት ኤግሊንተን ዌስት አንዲት ቤዝመንት ተከራይታ ወጣች።

ካሳዬ ማስታረቁን ተወ። አንድ ጊዜ ሃብታሙ የሚባል የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው፣ ልጄን ፖሊስ ፈልጎታል፣ አብረን ሄደን እንለምን ብሎ ደወለለት። ካሳዬ፣ ልጁ አፉን ይያዝ፣ ጠበቃ ሳይደወል ከቤት እንዳትወጡ አለው። ሃብታሙ ተቀየመ። ሽማግሌ ቢጠራ ፈረንጅ አነሳለት አሉ። ካሳዬ ግን ከሥራ ኦፍ በሆነ ቁጥር የልጆች ኮርት ኮሪደር ላይ መቀመጥ ጀመረ። የሐበሻ አባቶችን በሠርግ ኮታቸው ይለያቸዋል። አጠገባቸው ሄዶ ለሃብታሙ ያላትን ያችኑ ይላቸዋል። ግማሹ ይሰማዋል፣ ግማሹ ይሄ ደግሞ ምን ቤት ነው ብሎ ፊቱን ያዞራል።

አንድ እሁድ ያንኑ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ኤፍራታ ዘንድ ሄደ። በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው። ሻይ ሰጠችው። የሰውን ሁሉ ይቅርታ ሲያዋልድ የኖረ ሰው የራሱን ከየት እንደሚጀምረው ጠፋው።

"ኤፊዬ፣ ያን ቀን እኔ..."

"አባ" አለችው፣ ከስንት ዓመት በኋላ በአማርኛ፣ እንደዚያ ፖሊስ ቀስ ብላ። "ምንም መናገር አይጠበቅብህም።"

ከቂም ይሁን ከምሕረት አልለየውም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ይለየው ነበር። ሻዩን ጨርሶ ተነሳና ኩባያውን ሲንኩ ላይ አጠበው። ከጠራ በኋላም አጠበው። ኤፍራታ ከኋላው ቆማ ስታየው ቆየችና ፎጣ አቀበለችው።