በአባባ ጀርባ ላይ

የእግሬ ጥፍር ሥጋ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ዛሬ ሐኪሙ ጣቴን ቀዶ ሲያሽግልኝ፣ የአዮዲኑ ሽታ ወሎ፣ ያደግኩባት መካነ ሰላም ወሰደኝ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጅ ነበርኩ። እሾህ ወግቶት መግል የቋጠረውን ተረከዜን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቀደደውና «እንዳትረግጪው» አለኝ። እናቴ ስንዴ ይታደላል ሲባል ሰምታ ወደ አቀስታ ስትሄድ፣ ለአያቴ ለአባባ ተወችኝ። አባባ የደብሩ ቄስ ነበሩ።

ረፋዱ ላይ ሽንቴ መጣብኝ። አባባ አዝለውኝ ወጡ። የጀርባቸው አጥንት ደረቴን ይወጋኛል። ግቢው መሀል ስንደርስ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከነእኔ ቁጭ አሉ። ለመነሳት ሞከሩ፤ አልቻሉም። እኔም ላነሳቸው አልቻልኩም።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ እግር የለሽ፣ እኔ ጉልበት የለኝ። ሰው ሲያልፍ እንጣራለን።»

ጎረቤታችን ዘነቡ በአጥሩ ሥር ስታልፍ ተጣራን። ቆማ አየችን። እንባዋ መጣ።

«ይፍቱኝ አባ፤ ካጎነበስኩ አልነሳም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

አባባ እጃቸውን ከፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት።

ማን ወደ ቤት እንዳስገባን አላስታውስም።

አሁን የክሊኒኩን ደረጃ ስወርድ ልጄ ክንዴን ይዞ «ተደገፊኝ እንጂ እማዬ!» ይለኛል። ክብደቴን ግን ልጥልበት አልቻልኩም።