እናቴ ሦስቴ የሄደችው መንገድ

ልጅ ጀርባዬ ላይ ሲተኛ አንገቴ ሥር የሚቀረው ላብ የቀላቀለ የወተት ሽታ ነው ያን ቀን የሚቀሰቅስብኝ። ዛሬም መኪና የለኝም። ትንሿ ልጄ ታክሲ ሠልፍ ላይ «እማዬ፣ እዘይኝ» ስትል አዝላታለሁ፤ እግሯን አሟት ይሁን አይሁን አልመረምርም።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ገበሬ ማኅበሩ አባቴን ለዘመቻ ሲመርጠው እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱ መካነ ሰላም ሲሠለጥን ከረመ፤ እሷ እቤታችን ወንድሜን ተገላገለች። ወንድሜ ክርስትና በተነሳ በሳምንቱ፣ ከገበያ የተመለሰ ጎረቤታችን ደጃችን ላይ ቆሞ፣ «ነገ ከእኩለ ቀን በፊት ወደ ደሴ ይጭኗቸዋል አሉ። ልጁን ሳያይ እንዳይሄድ» አላት።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። ወንድሜ በአንቀልባ ከጀርባዋ፣ የአባቴ ድርቆሽ ከራሷ ላይ፣ እኔ በእግሬ። ከገብሱ ማሳ የሚረግፈው ጤዛ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አርሶታል። ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ እሮጥ ነበር፤ በኋላ ግን ዓይኔ አንቀልባው ላይ ቀረ። ዳሩ በዛጎል ያጌጠ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት፣ እኔ የታዘልኩበት የኔ አንቀልባ ነበር።

«እግሬን አመመኝ» ብዬ ዳገቱ ሥር ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አላመመኝም።

«በርቺ የኔ እመቤት፣ አባትሽ እየጠበቀን ነው» ብላ ለመነችኝ። ንቅንቅ አላልኩም። የአራስ ወገቧ ሁለታችንን በአንዴ አይችልም። ስለዚህ ወንድሜን ከፊት ካለው ዛፍ ሥር ነጠላዋ ላይ አስተኝታ፣ ተመልሳ እኔን ታዝለኛለች። እኔን ዛፉ ሥር አስቀምጣ ደግሞ እሱን ይዛ ወደሚቀጥለው ዛፍ ትሄዳለች፤ ዓይኗን ከሁለታችን ሳትነቅል። እንዲህ እያደረገች ያን ዳገት ሦስቴ ሄደችው። ጀርባዋ ላይ ሆኜ ልቧ ሲደልቅ እሰማ ነበር፤ ሞቆኝ፣ ደስ ብሎኝ። አሁን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ሜዳው ላይ የቀረው የጎማ ምልክትና የናፍጣ ሽታ ብቻ ነበር። አቧራው ገና አልረጋም። አንድ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ነጋዴ እናቴን አይተው፣ «አሁን ነው የወጡት ልጄ። አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ይመልሰዋል» አሏት። እሷ ወንድሜን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱን ወደ ደሴ መንገድ አዞረችው። እንደዚያ ይዛው ትንሽ ቆየችና መልሳ አዘለችው።

አባቴ አልተመለሰም።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ወንድሜ ከፍ ብሎ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምስር ስንለቅም አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠና፣ «እማ፣ አባዬ አይቶኝ ያውቃል?» አላት። 

እናቴ ቀና ሳትል፣ «አዎ። መኪናው ላይ ሆኖ ተቀበለኝና ግንባርህን ሳመህ። እህትህም ነበረች፣ ጠይቃት» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ።

«ሳመህ» አልኩት። «አንተ ግን ተኝተህ ነበር።»