የሊማሊሞ ቁልቁለትና የዘይት መሪ

ባለቤቴ ሾፌር ነበር፤ ማኪናዋም የራሱ ነበረች። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ብረት ተለቃቅማ የቆመች አሮጌ የጭነት ማኪና ናት። ሞተሯ ከአንዱ፣ ካቢናዋ ከሌላው የመጣ ሲሆን የኋላ ሳንቃዋን የገጠመው የጎንደር አናጢ ነው። በእሷ ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ እህል ያወርዳል፣ ጨው ያወጣል።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ጋብቻችን ብዙም ደስ አላላቸውም። «እኔ መሪጌታ፣ እሱ መሪ ጨባጭ፤ ምን አገናኘን?» ይሉ ነበር። እየዋለ እያደረ ወደዱት። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሰውየው ሳይሆን መንገዱ ነው። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞ አለ። መንገዱ ገደሉን እየታጠፈ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ዓለት፣ በሌላው ወገን ምንም የለም። እሱ ወደዚያ በሄደ ቁጥር እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም ነበር።

አንድ ክረምት የፈራሁት በከፊል ደረሰ። የፊት ጎማው ድንጋይ መታና መሪው በራሱ ተሽከርክሮ የቀኝ እጁን አንጓ ሰበረው። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፤ ዳነ ይባል እንጂ ጠምሞ ቀረ። የዚያች ማኪና መሪ ደግሞ በደኅና እጅም ላብ የሚያስወጣ ነው። ጠዋት ከግቢ ሲያወጣት ጥርሱን ነክሶ ሲያዞር እያየሁ ዞር እል ነበር።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ጋራዥ የነበራቸው ሽማግሌ መካኒክ መላ አገኙ። ከተገለበጠ አዲስ የጭነት ማኪና በዘይት የሚታገዝ መሪ ወጥቶ እጃቸው ገብቷል። ባለቤቴ ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ።

«አያ፣ እውነት በአንድ እጅ ይዞራል?» አላቸው።

«በአንድ ጣት ይዞራል። ግን ስማኝ። የሚያግዝህ ዘይቱ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ይህ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር ያያዘችው ይቺ የላስቲክ ቺንጋ ናት። ሞተር ካጠፋህ ወይም ቺንጋዋ ከተበጠሰች ከድሮውም ይብስብሃል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተህ የምትለቀውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ትያለሽ?»

«የድሮው ባለበት ይቆይ፤ አይነሳ። እሱን ቢያንስ እናውቀዋለን።»

«የማውቀው አይደል እጄን የሰበረው?» አለኝ።

የዘይቱ መሪ ተገጠመ።

እህቴ አዲ አርቃይ ነበር የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔና አባቴ ለክርስትናው አብረነው ተነሳን። ካቢናው ውስጥ እኔ መሃል፣ አባቴ በበሩ በኩል ሆንን። ባለቤቴ እስከ ደባርቅ ድረስ ሲጫወት ሄደ። መሪውን በግራ እጁ እንደ ወንፊት ያንቀሳቅሰዋል። «አየሽ? ሸጋ አይደለም?» ይለኛል። እኔን ያስፈራኝ ያ መቅለሉ ነው። ድሮ ማኪናዋ ስትታጠፍ ክንዱ ይገተር፣ አንገቱ ይወጠር ነበርና መታጠፏን ከእሱ ላይ አየው ነበር። አሁን ምንም አይታይም።

ሊማሊሞን መውረድ ስንጀምር ጉም ነበር። ሞተሩን አላጠፋም፤ ቃሉን ጠብቋል። ጥቂት ታጥፈን ወረድን። ከዚያ ከፊታችን እንደ ጅራፍ የሚጮህ ነገር ጧ አለ።

«ምነው? ምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

የባለቤቴ ፊት አመድ መስሏል። መጠምዘዣው ደርሶ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጥሎ ይገፋል፤ መሪው ግን አይዞርም። ፍሬኑን ረገጠ፤ እርጥቡ ጠጠር ላይ ማኪናዋ እየተንሸራተተች ቀጠለች። ከመስታወቱ ፊት መንገድ የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ ነው።

የጠመመው እጁ ሲከዳው አየሁ። ጣቶቹ ተከፈቱ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ መሪውን ከታች ይዤ ወደ እኔ ሳብሁ። እሱ በደረቱ ገፋ። አባቴ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ሲሉ ይሰማኛል። መሪው ትንሽ ዞረ፣ ደግሞ ትንሽ፤ ከዚያ የማኪናዋ አፍንጫ ወደ ዓለቱ መለስ አለና ከሥሩ ባለው ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች።

አባቴ በሩን ከፍተው ወረዱና የኋላ ጎማው ያለፈበትን ሄደው አዩ። ሲመለሱ ያማትቡ ነበር።

ባለቤቴ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የተበጠሰችውን ቺንጋ አወጣ። ትርፍ አልያዘም።

«እዚህ መቆየት አንችልም» አለ። «ከላይም ሆነ ከታች ማኪና ከመጣ በዚህ ጉም አያየንም። መዞሪያም የለም። መውረድ ነው ያለብን።»

«በእግሬ እወርዳለሁ» አልሁ።

«ያላንቺ አልችልም» አለኝ ቀስ ብሎ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መቋሚያቸውን ያዙ። «እኔ እቀድማለሁ። ድንጋይ ካለ አነሳለሁ፣ የሚመጣ ካለ አስቆማለሁ።»

«የኔታ፣ ቢያንሸራትተኝ ከፊቴ እኮ ነዎት» አላቸው ባለቤቴ።

«ዳር ዳሩን እይዛለሁ። ና ዝም ብለህ።»

እንደዚያ ወረድን። ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጎ ማኪናዋን ያስኬዳታል፤ መጠምዘዣ ሲደርስ «ያዥ» ይለኛል፤ እሱ ይገፋል፣ እኔ እስባለሁ። አንዳንዱ ጋ አንዴ አይበቃንም፤ ቆመን፣ ወደ ኋላ ትንሽ ሄደን፣ ደግመን ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ የኋላ ጎማው የት እንዳለ ስለማይታየኝ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ከፊታችን የአባቴ ነጠላ ጉሙ ውስጥ ይጠፋል፣ ይታያል። በጠፋ ቁጥር ወደቁ እላለሁ። አንድ ጊዜ ከታች የሞተር ድምፅ መጣ፤ እሳቸው መቋሚያውን ከፍ አድርገው መሃል መንገድ ቆመው አስቆሙት። የጨው ማኪና ነበር። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ መሪው ላይ ያሉትን አራት እጆች አየና ወደ ዓለቱ ተጠግቶ አሳለፈን።

አዲ አርቃይ ስንደርስ ባለቤቴ ጣቶቹን መዘርጋት አልቻለም። እህቴ በደስታ ልታቅፈኝ ስትመጣ እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አባቴ የሆነውን ለማንም ሳይነግሩ በክርስትናው እንግዳውን አብልተው አጠጡ። ስንመለስ ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ከመጣ ሌላ ሾፌር ቺንጋ ብናገኝም ማኪናዋን ወደ ላይ ያወጣት ባለቤቴ ብቻውን ነው። እኔና አባቴ በአቋራጩ በበቅሎ ወጣን።

ጎንደር ጋራዡ ውስጥ ሽማግሌው መካኒክ ባለቤቴን ጠየቁት፤ «ትርፍ ቺንጋ ልስጥህ ወይስ የድሮውን ልመልስልህ?»

«እሷን ይጠይቋት» አላቸው።

«የድሮውን» አልሁ። «እሱ ሲከብድ ከመነሻው ነው የሚከብደው። መንገድ ላይ ጠባዩን ቀይሮ አይጠብቀንም።»

«በዚህ እጁ ግን ሊማሊሞን አይችለውም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

እኔ የመረጥሁት መሪ ብቻ እንዳልነበረ ባለቤቴ ገብቶታል። የሊማሊሞን መንገድ ተወ፤ በጎንደርና በአዘዞ መካከል መጫን ጀመረ። ብዙ ወራት በጥቂቱ ነው የሚያናግረኝ። የቀድሞ ጓደኞቹ ከአዲ አርቃይ ሲመጡ ወሬያቸውን ሰምቶ ሲመለስ ይከፋዋል። መንገዱን ልመልስለት እፈልግ ነበር፤ ግን ያንን ነጭ ጉም ሳስብ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ወደ አዘዞ አብሬው ሄድሁ። ሜዳው ላይ አንድ ጥምዝ ሲያዞር ግንባሩን አላበው።

«ከበደህ?» አልሁት።

«ከበደኝ» አለ፤ ከዚያ ከረጅም ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት። እኔ ግን እንደ ሊማሊሞው ቀን መሪውን ከሥር ይዤ እጄን አላነሳሁም ነበር።