ለቀብሩ የተፈለገው ፎቶ

የዓባይነህ ፎቶ ቤት ሰበታ፣ መኖሪያው ፉሪ ነው። ምስል የሚያስተካክለው ማታ ማታ፣ ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ወደ ሱቁ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ፎቶ አትማ የምትቆርጠው ረዳቱ ድንቅቱ በስክሪኑ ላይ ቀስቱ ብቻውን ሲሄድ ስታይ፣ «ጋሼ፣ አንተ ቀርተህ እጅህ መጣ» እያለች ትስቃለች።

በ2008 ነሐሴ ግን የተቃውሞ ሰልፍ በረታና ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መንገዱም በድንጋይ ተዘጋ። ዓባይነህ በእግሩ ሞክሮ መሃል ላይ ካለችው ዓለም ገና ሳይደርስ ተመለሰ። የሚሠራው ስልክ ብቻ ነበር። በዚያው ድንቅቱ ደወለች።

«ጋሼ፣ የተማሪው የዳኜ እናት አዴ ወርቅቱ እዚህ ናት። ልጇ ትናንት ሰልፉ ላይ ሞቷል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለፈተና ቅጽ አንተ ካነሳኸው ሌላ ፎቶ የለውም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ደርቆ ቀረ።»

«ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭነሽ ያዥው። ከዚያ አብሪው።»

አበራችው። ኮምፒውተሩ ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ፤ አሥር ከመቶ፣ ሠላሳ፣ አርባ ሰባት።

«አትንኪው፣ ራሱ ይጨርሳል» አላት።

ትንሽ ቆይታ፣ «መብራቱ ተመላለሰ፤ ቶሎ ብዬ ነቀልኩት» አለች።

ዓባይነህ ዓይኑን ጨፈነ። አምና ማተሚያው ከተቃጠለ ወዲህ «መብራት ሲመላለስ ንቀሉ» ብሎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው። ባትነቅለው ኖሮ ፍተሻው ላይቋረጥ ይችል ነበር፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣታል?

«ደግ አደረግሽ። አሁን ሰክተሽ አብሪው።»

እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ወርቅቱ ስልኩን ተቀበለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።

«ዓባይነህ፣ ስታነሳው ሸሚዝህን ቆልፍ ብለኸው ነበር። ቤት መጥቶ ነገረኝ። ታስታውሰዋለህ አይደል?»

በዚያ የፈተና ቅጽ ሳምንት ሁለት መቶ ተማሪ አንስቷል። የዳኜ መልክ አልመጣለትም።

«አስታውሰዋለሁ፣ አዴ።»

«እንግዲህ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብላ ስልኩን መለሰች። ስትወጣ የእግሯን ኮቴ ሰማ።

ዓባይነህ ከወንበሩ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ድንቅቱ፣ «በደጃችን እያለፉ ነው» አለች። «ፎቶ ስላጡ የትምህርት ቤት ሹራቡን ከፍ አድርገው ይዘውለታል።»

«ስንት ደረሰ?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ተይው። ውጪና ሸኚው። ስልኩን ግን አትዝጊው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዓባይነህ ፉሪ ተቀምጦ ልቅሶው ሲቀርብ፣ ከዚያ ሲርቅ፣ በመጨረሻም የኮምፒውተሩ ድምፅ ብቻ ሲቀር ሰማ።