ጋሽ ኃይሌ ዩኒቨርሲቲን በማር ሲመርጡ

ከዋጫ ወደ ቦንጋ የተዛወርኩት ጂኦግራፊ ላስተምር ነበር። የተማሪ አማካሪ የሆንኩት በገባሁበት ጠዋት ነው። የመሰናዶው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የዝውውር ደብዳቤዬን ግማሽ ድረስ አነበበና ከመሳቢያው ቁልፍ አወጣ።

«ጂኦግራፊ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ጋይዳንሱንም አንቺው ያዢው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የት የት እንዳሉ ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም።»

ስልጠናዬ ይኸው ነው። ቁልፉ የከፈተው ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። የተነፈሱ ኳሶች፣ የተቀደደ መረብና አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ጠበቁኝ። ኳሶቹን ወደ ጥግ ገፋሁ፣ ጠረጴዛና አንድ ደህና ወንበር አስገባሁ፣ የኢትዮጵያን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አንድ ተማሪ የልቡን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት የስፖርት መምህሩ ኳስ ሊወስድ ይገባል። ለዳይሬክተሩ አቤት ባልኩ ቁጥር «ይታያል» ይለኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እየታየ ነበር።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊማር የሚፈልገውን ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላል። ፎርሙ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ውጤቱንና ምርጫውን አይቶ ይመድበዋል። የኔ ድርሻ አስቦ እንዲሞላ ማድረግ ነበር። ችግሩ «አስቦ» የምትለዋ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የክፍሉ ግማሽ አንድ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ አድርጎ ሞላ። በረከት የሚባለውን ልጅ ጠርቼ ጠየቅሁት።

«እዚያ ምን ልትማር ነው?»

«እሱን ገና አላየሁትም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ በምን መረጥከው?»

«የተስፋዬን ወንድም ከዚያ ለእረፍት ሲመጣ አላዩትም?»

አይቼዋለሁ። ቦንጋ ሙሉ አይቶታል። ሲሄድ ሱሪውን በገመድ አስሮ ነበር የሄደው፤ ሲመለስ የሸሚዙ ቁልፍ አልገጥም ብሎታል። የዚያ ግቢ ካፌ ሐሙስ ሐሙስ ሥጋ ያቀርባል ተብሎ ወሬው ሺሺንዳና ቢታ ገነት ደርሷል። ክፍል ገብቼ «መጀመሪያ ምን እንደምትማሩ፣ ከዚያ የት እንደምትማሩ» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። በማግስቱ አንዱ ከሥሩ «ከዚያ ምን እንደምንበላ» ብሎ ጨምሮበት አገኘሁ። አላጠፋሁትም። ባዶ ሆድ ካልኩለስ እንደማይገባው እኔም ተማሪ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ሌሎቹ ደግሞ ከጓደኛ ይገለብጣሉ። ሁለት ባልንጀሮች አንዱ ሕግ ሌላው ጋዜጠኝነት እየፈለጉ፣ እንዳንለያይ ብለው ሁለቱም ሂሳብ አያያዝ ሞሉ። ኮምፒውተሩ አንዱን ወደ ሰሜን፣ ሌላውን ወደ ምሥራቅ ሰደዳቸው። ሁለቱም እየተበሳጩ ተመረቁ።

አሁን ወደ ታደለች ልምጣ። ታደለች የሺሺንዳ ልጅ ነበረች፤ ቦንጋ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ቀልድ አታውቅም። የፊዚክስ ደብተሯን ለመዋስ ወንዶቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ እሷም ማን ገጽ እንዳጠፈ ለይታ ታውቃለች። አንድ ቀን ቢሮዬ ገባችና መካኒካል ምህንድስና፣ መቀሌ፣ አለችኝ።

«ለምን መካኒካል?»

«እኛ ሰፈር የቡና መፈልፈያው ሲሰበር ከጅማ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። ቡናው ግን አይጠብቅም።»

«መቀሌስ?»

«የሰፈራችን ልጅ እዚያ ትማራለች፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ወርክሾፑ ውስጥ ተማሪው ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል አለችኝ።»

ዘርፉን አስቀድማ ቦታውን ያስከተለች ተማሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ልስማት ምንም አልቀረኝ። «ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አልኳት።

«አባባ። ጅማ ካልሆነ አልልክሽም ብሎኛል።»

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ከዓመት በፊት ከዚያው ከሺሺንዳ አንዲት ጎበዝ ልጅ ምደባዋ ሩቅ ሆነና አባቷ አስቀሯት። አሁን ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። እኔም ከእሷ ሽንኩርት በገዛሁ ቁጥር ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። ታደለች ሁለተኛዋ እንዳትሆን ፈራሁ። አባትሽን ይዘሽ ነይ አልኳት።

ጋሽ ኃይሌ በገበያ ቀን መጡ። የማር ነጋዴ ናቸው፣ ረጅም፣ ኮፍያቸው ከጭንቅላታቸው የማይወርድ። የማር ጀሪካናቸውን በደህናው ወንበር ላይ አስቀመጡና እሳቸው ቆሙ።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ይኼን መቀበል አልችልም» አልኳቸው።

«ማን ተቀበሉ አለዎት? ቅመሱ ነው የምለው። እኔ ማሬን ካልቀመሰ ሰው ጋር አልነጋገርም። ያልቀመሰ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው።»

ማንኪያ አልነበረኝም። በማስመሪያ ጫፍ ቀመስኩ። የገተማ ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ነጩ ማር ነበር፤ እውነት ለመናገር ለምን እንደጠራኋቸው ለጊዜው ጠፍቶብኝ ነበር። ሳስታውስ ወደ ካርታው መራኋቸው። ጅማ ባይሆን ሌላ የት ቢሆን ይስማማሉ ብዬ ከተሞቹን አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ።

«ሐዋሳስ?»

«እዚያ አንዱ በጣቱ ቀመሰና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገው። ማሬን!»

«ደሴ?»

«ስኳር ቀላቅለሃል ተብያለሁ።»

«ጎንደር?»

«እዚያ ሄጄ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቅያሜ የለዎትም፤ ጎንደር ይሁን?»

«እኔ ያልሄድኩበትን አገር ልጄን ልላክበት?»

ታደለች መሬት መሬት ታያለች። ትንፋሼን ሰብስቤ መቀሌ አልኩ። ጋሽ ኃይሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ታደለች በኋላ እንደነገረችኝ ከቀብር ውጭ አውልቀውት አያውቁም።

«ነጭ ማር አለን ይላሉ እኮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጅማ የማር ተራ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሁሉ የሚበልጥ ነጭ ማር የኛ ነው አሉ።»

«ጅማስ ለምን ተስማማዎት?»

«ጅማ ያውቁኛል። አውቶቡሱም ቀጥታ ነው። ልጅቷ ብትታመም በዕለቱ እደርሳለሁ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰማኋት፣ ግን አላዳመጥኳትም። ያን ያህል ማር ከተወራ በኋላ እሷም የማር ወሬ መሰለችኝ። ስለ ውጤቷ፣ ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ቡና መፈልፈያው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስረዳኋቸው። በሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። ስጨርስ «ደህና ተናገሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጅማ ይሁን» አሉ።

እጄን ልሰጥ ስል ታደለች ቀና አለች።

«አባባ፣ የመቀሌን ማር ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«የት አግኝቼ?»

«ታዲያ እንዴት አይበልጥም አልክ? ያልቀመሰ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው እያልክ አይደል ያሳደግከኝ?»

ጋሽ ኃይሌ ልጃቸውን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እርስዎስ ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«የሚቀምስ ሰው አይመስለኝም።»

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ግራ ሲገባቸው ያስታውቃል። በሌላ ነገር ግትር ቢሆኑም በማር ጉዳይ ሐሰተኛ መሆን አይችሉም ነበር። «ሙዪው» አሏት ልጃቸውን። «አንደኛ መቀሌ፣ ሁለተኛ ጅማ። ከደረሰሽ እኔው ራሴ አድርሼሽ፣ ማሩን አጣርቼ ነው የምመለሰው።» እሷ ስትሞላ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው ፊደል በፊደል ተከታተሉ።  እኔም ደስታዬን መደበቅ ስላቃተኝ ኳስ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ምደባው ኢንተርኔት ላይ በወጣ ቀን ቦንጋ ኔትወርክ አልነበረም። ተማሪው በሙሉ ጅማ ላለ ዘመድ እየደወለ ስሙን አስነበበ። የታደለች መቀሌ ሆነ። ጋሽ ኃይሌ ፍራሽና ብርድ ልብስ አሸክመዋት፣ የማር ጀሪካናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አብረው ተሳፈሩ። ረዳቱ ጀሪካኑን ጣሪያ ላይ እንጫነው ቢላቸው «አንተ ጣሪያ ላይ ውጣ» አሉት።

ሲመለሱ ቤታቸው ሳይደርሱ ቦንጋ ወርደው ቢሮዬ ገቡ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም።

«ታደለች እንዴት ናት? ዶርሙስ? ትምህርት ክፍሉስ?»

«ቀመስኩ» አሉ።

በዚህ መሐል የስፖርት መምህሩ ኳስ ሊወስድ ገባ።  ጋሽ ኃይሌ እስኪወጣ ጠበቁና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ጥሩ ነው።»

«ከኛስ?»

«እሱን አይጠይቁኝ።»

አልጠየቅሁም። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያ ቢሮ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ገበያ ወጥተው አንድ ሽማግሌ ማር ሻጭ አግኝተዋል። ሽማግሌው የራሱን ሳያስቀምስ ዋጋ አልናገርም አላቸው። ያኔ ሰውየውን ወደዱት። እሳቸውም ጀሪካናቸውን ከፈቱ። ሁለቱ ሰዎች እስከ ምሳ ድረስ ሲቀማመሱ ቆዩ፤ ታደለችም አጠገባቸው ቆማ ስታፍር ቆየች። ሽማግሌው የኛን ቀምሶ፣ ደግሞ ከቀመሰ በኋላ «ይኼ ከየት ነው?» አለ።

«ከካፋ ነው አልኩት» አሉ ጋሽ ኃይሌ። «ይቺ ደግሞ ልጄ ናት አልኩት። ቤቱ ከግቢው በእግር ይደረሳል። ሚስቱም አየቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች ተባብለናል።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። «እኔ እኮ ትምህርቱን ጠልቼ አልነበረም፣ እትዬ። ብትታመም በዕለቱ የሚደርስላት ሰው ነበር ያጣሁት። አሁን አለ።»

ያን ጊዜ ነው ያቺን ያላዳመጥኳትን ዓረፍተ ነገር ያዳመጥኳት።

ታደለች ለእረፍት ስትመጣ ከሽማግሌው የተላከ አንድ ዕቃ ማር ትይዛለች። ጋሽ ኃይሌ የሺሺንዳ ደንበኞቻቸው እንዳያዩዋቸው ጓዳ ገብተው ነው የሚበሉት።

ምርጫ ለምትሞሉ ተማሪዎችም፣ ለምታስሞሉ ባልደረቦቼም ያለኝ ይኼ ነው። ዘርፉን አስቀድሙ፣ ቦታውን አስከትሉ። ወላጅ ሩቅ ነው ብሎ እምቢ ካለ ስለ ዘርፉ አትከራከሩት። ልጁ ቢታመም ማን እንደሚደርስለት ንገሩት። ሰው ከሌለ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ፤ ፎርሙ ከዚያ በኋላ ይሞላል።